ሁለት እንቁላል በዌንስኮም

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ዌንስኮም ከምትባል ትንሽ የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ አንዲት ሴት ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚገኘው ቤቴ ደውላ በሕይወት መኖር አለመኖሬን ጠየቀችኝ። መኖሬን አረጋገጥኩላት።

ጂል ትባላለች። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ አሁን የከተማዋን ትንሽ ሙዚየም በነፃ ታገለግላለች። ዌንስኮም ከሙዚቃ ጋር ያላትን ዝምድና የሚዘረዝር የነሐስ ሰሌዳ በባሕሩ ዳር ሊቆም መሆኑን ነገረችኝ። በከተማዋ አንድ ክረምት የከረመ የሙዚቃ ደራሲ፣ እዚያ የተቀበረች ዘፋኝ፣ በዳንስ አዳራሿ አንድ ምሽት ተጫውተው በኋላ ዓለም ያወቃቸው ጎረምሶች፣ ሁሉም ስማቸው ይቀረጻል። የመጨረሻው መስመር «ወርቁ ወንድማማቾች፣ ከኢትዮጵያ» ይላል። አንደኛው ወርቁ እኔ ነኝ።

«የሁለታችሁ ድምፅ ያለበት ቴፕ እኛ ዘንድ አለ» አለችኝ። «የቤተ ክርስቲያናችን ኦርጋን ተጫዋች ያኔ የቀዳው ነው። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ተቀብሎ ይዘፍናል፣ ከዚያ ክላርኔቱ ይገባል። ወንድምዎን አነጋግሬያቸዋለሁ። ስልክዎን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።»

«ወንድሜ ምን አሉ?» አልኳት።

«እርስዎ ጋዜጠኛ እንደሆኑና የተሳሳተ ነገር እንደማያሳልፉ። ጽሑፉ ሰኞ ነሐሱን ወደሚያቀልጡት ሰዎች ይሄዳል። የሚታረም ካለ እስከዚያ ይንገሩኝ።»

ስልኩን ዘግቼ የማውቀውን ለራሴ ዘረዘርኩ። ንጋቱ ወርቁ ወንድሜ አይደለም። የእሱ አባት አቶ ወርቁ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ይሠሩ ነበር። የእኔ አባት ወርቁ ደብረ ብርሃን አጠገብ ገብስ ያርስ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ተያይተው አያውቁም። እኔ ደግሞ ምንም ዓይነት የሙዚቃ መሣሪያ ነፍቼም መትቼም አላውቅም። መስመሩ እንግዲህ ስህተት ነው፤ የእኔም ሥራ ዕድሜ ልክ ስህተት ማረም ነበር። በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም በሥሬ ያለፉ ወጣት ዘጋቢዎች በዚህ ምክንያት ሲሸሹኝ ኖረዋል። ይህኛውን ስህተት ግን ማረም አልፈለግኩም። ካረምኩት የእኔ ስም ይወጣና ንጋቱ ብቻውን ይቀራል። ንጋቱ ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚመስል ደግሞ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ።

ቀንቼ ነበር። ሌላ ስም ልሰጠው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ዌንስኮም የሄድነው ሁለታችንም ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላን ነው። አገር ቤት ዘመኑ ሊገለበጥ ሲል ነበር፤ ያኔ ግን ያንን የሚያውቅ አልነበረም፣ ወይም የሚያውቁት አይናገሩም። እኔ በጋዜጣው በኩል ለአጭር የዘጋቢነት ትምህርት፣ እሱ በባንዱ በኩል ለበጋ የሙዚቃ ትምህርት ተልከን፣ ከዚያ በፊት የማንተዋወቅ ሰዎች፣ በአንድ ባቡር ደረስን። እኔ ፒያሳ የተሰፋ ግራጫ ኮት ለብሻለሁ፤ ሰፊው «እንግሊዝ አገር ሰፊ ነው የሚለበሰው» ብሎኝ እጅጌው ጣቶቼን ይሸፍን ነበር። ንጋቱ ባለ ወርቅማ ቁልፍ የባንድ ጃኬቱን ለብሷል። የባቡር ጣቢያዋ ላይ አንዲት ወፍራም ሴት የሁለታችንን ስም የጻፈችበትን ካርቶን ይዛ ቆማለች። ሚስስ ፕራት ናት፣ የምናርፍበት ቤት ባለቤት። ካርቶኑን አየች፣ እኛን አየች፣ «ወርቁና ወርቁ! ወንድማማቾች እንደሆናችሁ ማንም አልነገረኝም» አለች፤ ፊቷ በደስታ በራ። ንጋቱ አየኝ። እኔም አየሁት። ገና ከባቡር ወርደን፣ ዕቃችንን ለመሸከም የምትታገልን እናት መሳይ ሴት «ተሳስተዋል» ማለት ለሁለታችንም አልሆነልንም። ነገ እንነግራታለን አልን። በማግስቱ ጠዋት ለጎረቤቷ ነግራ ጠበቀችን፤ ከሰዓት በኋላ ዳቦ ጋጋሪው «የትኛው ነው ታላቁ?» ብሎ ጠየቀን። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ካልቆረጡት በሁለተኛው ቀን ሥር ይሰድዳል። ንጋቱ በሁለት ወር ስለሚበልጠኝ ታላቅ ሆነ።

ከተማዋ ሁለት ትላልቅ መንገዶችና በመካከላቸው የተወሸቁ ቁልቁለቶች ነበረች። ቁልቁለቱ ሁሉ ባሕር ላይ ያልቃል። ጥግ ላይ ጥብስ ድንችና ዓሣ የሚሸጥ ሱቅ አለ፤ በአሥራ ሁለት ፔንስ ሁለት እጅ ሙሉ ድንች በጋዜጣ ጠቅልሎ ይሰጣል፣ ኮምጣጤ ያርከፈክፍበታል። እጄን ከጠረግኩ በኋላ ጋዜጣውን ዘርግቼ አነብ ነበር፤ በዘይት የረጠበው ወረቀት የፊቱንም የጀርባውንም ዜና በአንዴ ያስነብባል። ሴቶቹ ባለ አበባ ቀሚስ ለብሰው፣ ወንዶቹ ከረባት አስረው፣ በብርድ በሸራ ወንበር ላይ ተጋድመው ባሕሩን ያዩታል። ወንበሩ ይከራያል። ለመቀመጥ መክፈላቸው ሲገርመኝ፣ ንጋቱ «እንጦጦ ላይ ድንጋይ እያከራየን ልንከብር ስንችል» ይለኝ ነበር። ባሕሩ ውስጥ ገብቶ መሐል ላይ የሚያልቅ የእንጨት ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ ግርጌ ጣሪያዋ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ የባንድ መድረክ። በጉም ቀን ከባሕሩ ወዲያ መርከብ የሚያስጠነቅቅ ጡሩምባ ይጮሃል። ንጋቱ ሁለተኛው ቀን ላይ በመስኮት አጮልቆ «ይሄን ጡሩምባ ሰማኸው? የአምባሰል መነሻ ላይ ነው የሚቆመው» አለኝ። ጡሩምባው ለእኔ ጡሩምባ ነበር።

ሚስስ ፕራት እሑድ እሑድ ይዛን ትዞር ነበር። ሟቹ ባሏ በከተማዋ ባንድ ውስጥ ትልቁን የነሐስ ቱባ ይነፋ ስለነበር የሙዚቃ ነገር ከቤቷ አይጠፋም። «በዚህ ቤት አንድ ታላቅ የሙዚቃ ደራሲ ከርሟል» ትላለች በጃንጥላዋ እየጠቆመች። እኔ ያኔም ያው ነበርኩና ማን እንዳየው እጠይቃታለሁ። «ሁሉም ያውቃል» ትላለች። በሳምንቱ ስጠያይቅ ሰውየው ያረፈው ከመንገዱ ማዶ ባለው የእንግዶች ማረፊያ እንደነበረ፣ የባሕር ወፎች አላስተኛ ብለውት ምሬት አሰምቶ እንደሄደ ደረስኩበት። ስነግራት ሚስስ ፕራት አልተናደደችም። «ታዲያ በእኛ ወፎች ነው የተማረረው» አለች። ያን ቀን በከተማዋ ራሷ ቀናሁ። እኛ አገር ቤት ስንት አዋቂ ቤቱ ሲፈርስ፣ ስሙ ሲጠፋ ዝም የምንል፣ እነዚህ አንድ ምሽት ጉሮሮውን ጠርጎ ያለፈውን ሁሉ ዘመድ አድርገው ያኖሩታል።

ቁርስ ላይ ለንጋቱ ሁለት እንቁላል ይመጣለታል፣ ለእኔ አንድ። ሚስስ ፕራት ምክንያቷን አልደበቀችም። «ነፊ ሰው ሳንባ ያስፈልገዋል፤ ባሌም ሁለት ነበር የሚበላው። ጸሐፊ ምን ጉልበት አለው? ተቀምጦ ነው የሚሠራው።» ንጋቱ ሁለተኛውን እንቁላል ቀስ ብሎ፣ እያየኝ ይበላል። አንድ ጊዜም «ላካፍልህ» አላለኝም። አስኳሉን በዳቦ ሲጠርግ «ይህ ነው እንግዲህ የጥበብ ዋጋ» ይለኛል። ዳቦ ጋጋሪው ለእሱ ዘቢብ ያለበት ዳቦ ይጨምርለታል። የባሕር ነፍስ አዳኞቹ በጀልባቸው ይወስዱታል። የባንዱ መሪ ኮፍያውን ያነሣለታል። እኔ ማታ ማታ በእንግሊዝኛ ስለ ከተማዋ የውኃ ቧንቧ ዘገባ እጽፋለሁ፤ አስተማሪዬ «ትክክል ነው» ብሎ ይመልስልኛል። ከዚያ በላይ ምስጋና አልሰጠኝም። ትክክል ነበር።

በሐምሌ ወር በአንዱ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የከተማዋ ባንድ ማርሽ ተጫውቶ ሲያርፍ፣ መሪው ንጋቱን ወደ መድረኩ ጠራው። ሸራ ወንበሮቹ ሞልተዋል። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነኝ። ንጋቱ ባለ ወርቅማ ቁልፉን ጃኬት አስተካክሎ በአምባሰል ነፋው። የሚያምር ነበር፤ ቀናተኛም ቢሆን ጆሮ አለው። ሰዉ ሻዩን ይዞ በትሕትና ያዳምጣል። ግን በእኛ ደንብ መሣሪያው ዞሮ ዞሮ ድምፅ ይጠራል፤ ድምፁ ቃል ይፈልጋል። ንጋቱ እዚያ ሲደርስ ክላርኔቱን ከአፉ አወረደና ቆመ። የሚዘፍነው አልመጣለትም። ወደ እኔ ተመለከተ። ያን ዕለት ጠዋት እንቁላሉን በልቶ፣ ከእኔም ሳህን ላይ የቀረችውን የዳቦ ቅርፊት አንሥቶ ነበር። ከወንበሬ ተነሣሁና እንደ ጠጅ ቤት እንግዳ ጮኽኩ፦

«ተቀበል!»

እንግሊዞቹ ዘወር አሉ። ንጋቱ ጥርሱን አሳይቶ አንገቱን ነቀነቀ። ሰጠሁት፦

የባሕር ማዶ ቤት ሰው ከሰው ያሳንሳል፣
ለሱ ሁለት እንቁላል ለኔ አንድ ይጠበሳል።

ሳቁ እንዳያመልጠው እየታገለ ተቀብሎ ዘፈነው፤ ደግሞ በክላርኔት አዞረው፤ ደግሞ አየኝ። ደገምኩለት፦

ሳይቀምስ ቢነፋ አትመለስም ነፍሱ፣
ሁለት እንቁላል ነው የክላርኔት ምሱ።

ሕዝቡ አንድ ቃል ሳይገባው ተነሥቶ አጨበጨበ። ሚስስ ፕራት አለቀሰች። «ስለ አገራችሁ ነው የዘፈናችሁት፣ አይደል?» አለችን። ንጋቱ «አዎን፣ ስለ አገራችን ነው» አላት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በእኛ ልማድ ለአዝማሪ ግጥም የሚሰጥ ሰው ሙዚቀኛ አይባልም። እንግዳ ነው፣ ጠጪ ነው፣ አላፊ አግዳሚ ነው። የሰጠው ግጥም ከአፉ ከወጣ በኋላ የተቀበለው ነው፤ ነገ መልሶ «የእኔ ናት» የሚል ሰው ውርደቱ የራሱ ነው። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ ተመልሰን አዲስ አበባ ከገባን በኋላ ንጋቱ የሆቴል ባንድ ውስጥ ተቀጥሮ «ሁለት እንቁላል» የሚል ሸክላ ሲያሳትም ምንም አላልኩም። ሸክላው ላይ የንጋቱ ስም ብቻ ነበር። በሦስት ብር ይሸጣል። ከጋዜጣው ቢሮ መስኮት ሥር የሙዚቃ ቤት ነበረ፤ እኔ ስለ ስንዴ ዋጋ ስጽፍ ከታች ድምፁ ይመጣል፣ ለሱ ሁለት እንቁላል። ጎረምሶች ሱሪያቸው ከታች ሰፍቶ፣ ጸጉራቸው እንደ ዘውድ ቆሞ፣ ሱቁ በር ላይ ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ። የቢሮ ጓደኛዬ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ እየመታ «ይሄን ግጥም የጻፈው ግን ጭንቅላት አለው» ይለኝ ነበር። «አለው» እለዋለሁ። ያን ሳምንት የጻፍኩት ጋዜጣ በሚቀጥለው ሳምንት የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ እጄ ላይ ይመለሳል። ዘፈኑ ግን ከሱቅ ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ሰርግ እየተሻገረ ቀጠለ።

ከዚያ የሆነው ሁሉ ሆነ፤ የሆነውን ብዙ ሰው ጽፎታል። ሁለታችንም በተለያየ መንገድ እዚህ አሜሪካ ደረስን። ንጋቱ ቨርጂንያ ውስጥ ታክሲ ነዳ፣ እኔ በአማርኛ ራዲዮ ዜና አነበብኩ። ዘፈኑ ከእኛ በፊት ደርሶ ጠበቀን። ፎልስ ቸርች በምትባለው ከተማ በጀርባው የመኪና ጥገና ያለው የሰርግ አዳራሽ ነበር፤ ሙሽሮች ገብተው ኬክ ከተቆረሰ በኋላ ሰዉ «እንቁላሉን! እንቁላሉን!» ይላል። ንጋቱ ከታክሲ ወርዶ በመጣበት ጃኬት ይወጣል፣ ይዘፍናል፣ ሽልማት ግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል። እኔ ጥብሴን እበላለሁ። አንድ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው «እርስዎ ጋዜጠኛው አይደሉም? ድምፅዎን አውቀዋለሁ፤ ምን ነበር ስምዎ?» አለኝ። ነገርኩት። «አሃ፣ ወርቁ! የንጋቱ ወንድም ነዎት?» አለኝ። «አይደለሁም» አልኩት። እውነት ነው የነገርኩት፤ ሰውየውም ወዲያው ፊቱን ወደ መድረኩ አዞረ። አሁን ደግሞ ኒው ዮርክ ያሉ ልጆች ሸክላውን እንደገና አሳትመዋል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ጆርጂያ አቬኑ ላይ የንጋቱ የወጣትነት ፎቶ ያለበት ቲሸርት ለብሶ የሚሄድ ጎረምሳ አይቻለሁ። አስቁሜ «ይሄ ማን ነው?» አልኩት። በእንግሊዝኛ «ሌጀንድ ነው» አለኝና አውቶቡሱን ሊይዝ ሮጠ።

እሑድ በቀዩ የባቡር መስመር ተነሥቼ፣ መሐል ከተማ ባቡር ቀይሬ፣ ቨርጂንያ ውስጥ አሌክሳንድርያ ወረድኩ። ንጋቱ ከሀይዌዩ ዳር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ ከልጁ ከሄለን ጋር ይኖራል። በሩን የከፈተችልኝ እሷ ናት፤ ትከሻዋ ላይ ያንኑ የአባቷን ፎቶ የያዘ የጨርቅ ቦርሳ አንጠልጥላለች።

«ጋሼ ተካልኝ! ይግቡ፣ ይግቡ፣ ጫማ አያውልቁ። ዳዲ ከሞርኒንግ ጀምሮ እየጠበቀዎት ነው። በጣም ኤክሳይትድ ነው።»

«ወንድሜ መጣ!» አለ ንጋቱ ከሶፋው ሳይነሣ። ከስቷል። ጥርሱን ካስነቀለ ወዲህ መንፋት አይችልም፤ ክላርኔቱ ቴሌቪዥኑ ላይ ተጋድሟል።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሚስስ ፕራት ጀምሮ።»

«ለጂል ወንድሜ ነው ብለሃታል።»

«እሷ ናት ያለችው። እኔ ዝም አልኩ። አንተም ያኔ ዝም ብለህ ነበር።»

«ያኔ ቁርስ ነበር፤ አሁን ነሐስ ነው። ውሸት በነሐስ አይጻፍም።»

«አንተ ሰውዬ!» አለና ሄለንን አየ። «ሰው በዚህ ዕድሜው ስሙን በነፃ ሲጽፉለት ይጣላል? ስማ እንግዲህ፣ ልትወጣ ነው ወይስ ልታስወጣኝ?»

«እውነቱ ይጻፍ ነው የምለው። የነፋኸው አንተ ነህ።»

«ግጥሙንስ?»

«ግጥም የሰጠ ሰው አይጻፍም። ታውቃለህ።»

ንጋቱ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። «ሃምሳ ዓመት አኩርፈህብኝ ኖረህ ዛሬ አይጻፍም ትለኛለህ?»

«አላኮረፍኩም።»

«ተካ! ፎልስ ቸርች ሰርግ ላይ የት ነበር የምትቀመጠው? ከኋላ፣ ከኩሽናው በር አጠገብ። ‹እንቁላሉን› ስጀምር ሹካህን ታስቀምጣለህ። ስጨርስ ታነሣለህ። ከመድረክ ላይ እኮ ሁሉም ሰው ይታያል።»

ሄለን ሻይ አስቀመጠችልኝ። እኔ ስኳር ጨመርኩ፤ ስኳር እንደማልጠቀም ያስታወስኩት ከቀመስኩት በኋላ ነው።

«እኔንስ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለ ንጋቱ፤ አሁን አይስቅም። «ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ክላርኔት ነፋሁ። ከንፈሬ ደምቷል። አንድ ሰው፣ አንድ ሰርግ ላይ፣ ‹ንጋቱ፣ እስቲ ክላርኔቱን አሰማን› ብሎኝ አያውቅም። ‹እንቁላሉን!› ነው። ማዞሪያውን ስነፋ ሰዉ ያወራል፣ ክትፎ ያዝዛል። አራት ስንኝህ ስትመጣ ጸጥ ይላል። የአንተ አራት ስንኝ! ሸራ ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ፣ ስለ ቁርስ ተናድደህ የሰጠኸኝ። ከዚያ በኋላ ስንት ዘፈን አወጣሁ፤ ማን ያውቀዋል? ሌላ ይሰጠኛል ብዬ ስጠብቅህ አንተ ስለ ስንዴ ትጽፋለህ። ቅናት የአንተ ብቻ መሰለህ?»

«ዳዲ፣ ሃርትህን» አለች ሄለን።

«ልቤ ደህና ነው፤ ምላሴ ነው የሞቀው።» ወደ እኔ ተመለሰ። «ስለዚህ ወንድማማች ይባል አልኩ። ወንድማማች ከተባለ ማን ምን ሠራ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንተ ግን ሄደህ ትጠይቃለህ፤ አውቅሃለሁ።»

«ብትነግረኝ ኖሮስ?» አልኩት። «ያኔ ሌላ ግጥም ስጠኝ ብትለኝ ኖሮ።»

«ግጥም ይለመናል እንዴ?» አለ። «ሰጪው ነው ‹ተቀበል› የሚለው።»

በባቡሩ ስመለስ ነገሩን እንደ ማንኛውም ዜና መረመርኩት። የሚመረምረው ሰው የነገሩ ባለቤት ሲሆን ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ይህ የሙያው ደንብ ነው። የምሰጠው ሰው ግን አልነበረኝም። ወንድማማች አይደለንም፤ ይህ የተረጋገጠ ነው። እሱ ነፋ፣ ዘፈነ፤ ቴፕ አለ። እኔ ግጥም ሰጠሁ፤ እሱም በቴፑ ላይ አለ፣ የተቀበለውም ሰው መስክሯል። ግጥም ሰጪ አይጻፍም የሚለው ልማድ ነው። ልማድ ማስረጃ አይደለም። እስከዚህ ድረስ ንጹሕ ነበርኩ። ከዚህ በኋላ ግን ባቡሩ ወንዙን ሲሻገር ራሴን በአንድ ነገር ያዝኩት፦ ንጋቱ በእኔ መቅናቱን ከሰማሁ ወዲህ ደስ ብሎኝ ነበር። እንዳልሳሳት ደግሜ ራሴን ጠየቅኩ። ደስ ብሎኛል።

ሰኞ በእነሱ ሰዓት ሳይረፍድ ደወልኩ።

«ወንድማማች አይደለንም» አልኳት ጂልን።

«ግን ሁለታችሁም ወርቁ…»

«ወርቁ የእሱም አባት ስም ነው፣ የእኔም አባት ስም ነው። የተለያዩ ወርቁዎች ናቸው።»

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማንም አላረመንም?»

«ሚስስ ፕራትን ማሳፈር አልፈለግንም ነበር።»

«እና ያ የሚናገረው ድምፅ?»

«የእኔ ነው።»

«ምንድን ነው የሚለው? ሁልጊዜ ለማወቅ እንደፈለግኩ ነው። የአገር ናፍቆት ነው እንላለን እኛ።»

ነገርኳት። እንቁላሎቹን በእንግሊዝኛ አስቀመጥኩላት፤ በእንግሊዝኛ ያን ያህል አያስቁም። ጂል ግን ስልኩን አስቀምጣ ሌላ ክፍል ውስጥ ላለ ሰው ስትናገር፣ ሰውየውም ሲስቅ ሰማሁ። ስትመለስ ድምፅዋ የሥራ ድምፅ ሆኗል።

«እንግዲህ ቦታው ትንሽ ነው» አለች። «አንድ ረጅም መስመር አለኝ፣ ወይም ሁለት አጫጭር። ‹ንጋቱ ወርቁ፣ ክላርኔትና ድምፅ፣ ከኢትዮጵያ› ማለት እችላለሁ። ወይም ሁለቱን ስሞች ብቻ፣ አንዱን ከሌላው ሥር፤ ምን እንደሠሩ ግን አይገባም። የትኛው ነው ትክክለኛው?»

ሁለቱም ትክክል ነበሩ። በአንደኛው ውስጥ ውሸት የለም፣ በሁለተኛውም ውስጥ የለም። ብዙ ጊዜ ወጣት ዘጋቢዎችን ሁለት እውነት ሲገጥማችሁ የሚበልጠውን ምረጡ እላቸው ነበር።

«ሁለቱ ስሞች» አልኳት። ሳላስብ ነው ልል አልችልም፤ ፈጥኜ ነው ያልኩት።

ከዚያ ንጋቱ ጋ ደወልኩ።

«ወንድማማች የሚለው ወጥቷል» አልኩት። «ስምህም አለ፣ ስሜም አለ።»

«ክላርኔቱስ?»

«ቦታ የለም።»

ከበስተጀርባው ቴሌቪዥን ይሰማል። ሄለን ከማን ጋር እንደሚያወራ ትጠይቀዋለች።

«ከንፈሬ የደማበት ክላርኔት» አለ። «ግጥሙስ?»

«እሱም የለም።»

«አራቱም ስንኝ?»

«አንድም።»

ረጅም ትንፋሽ ወሰደ፤ ሚስስ ፕራት ሁለት እንቁላል የሰጠችው ለዚያ ትንፋሽ ነበር።

«እንዲያ ከሆነ ይሁን» አለ።

ሰሌዳው ቅዳሜ፣ ሰኔ 7 ቀን፣ በዌንስኮም የባሕር ዳር መንገድ ላይ፣ ከእንጨት ድልድዩ በስተግራ ቆመ። ጂል በዚያው ቀን ፎቶ ልካልኛለች፤ በማግስቱ ሁለተኛ ፎቶ ከቅርብ እንድታነሣልኝ ጠይቄ አነበብኩት። ስሞቹ የተደረደሩት በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው። የንጋቱ ከላይ፣ የእኔ ከሥር ነው።